አንዲት ዓረፍተ ነገር የማረም ሥራ

ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው ማሽኑ ሲንቀራፈፍበት መጀመሪያ የሚያየው ቁጥር ነው፤ ፕሮሰሰሩ ምን ያህል እንደተያዘ፣ ራሙ ስንት እንደቀረው፣ ዲስኩ ምን ያህል እንደተጨናነቀ። የቁጥሩን ትርጉም የሚነግረው ደግሞ የትእዛዙ መመሪያ ገጽ ነው። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ የመጀመሪያውን የዩኒክስ መመሪያ በ1971 እ.ኤ.አ. ሲያወጡ፣ ብዙዎቹ ገጾች የፕሮግራሙን የታወቀ ጉድለት በግልጽ የሚናገር ክፍል ነበራቸው። ያ ልማድ በሊኑክስም ቀጥሏል።

የትእዛዝ አጻጻፍ በገጹ ላይ ከተሳሳተ ትእዛዙ እምቢ ይላል፤ ተጠቃሚውም ወዲያው ይነቃል። የቁጥር ትርጉም ሲሳሳት ግን የሚጮህ ነገር የለም። ሰውየው ገጹን አምኖ ይወስናል፤ የማያስፈልግ ዲስክ ይገዛል፣ ደህናውን ማሽን ይቀይራል። በመመሪያ ገጽ ላይ የሚደረጉ ጥቃቅን የሚባሉት እርማቶች ከባድ የሚሆኑት ለዚህ ነው።

የአይኦስታትን ገጽ እንይ። ትእዛዙ ለየዲስኩ ከሚያወጣቸው ቁጥሮች አንዱ ዲስኩ ሥራ ላይ የቆየበትን ጊዜ በመቶኛ ያሳያል። ገጹ ለዓመታት፣ ቁጥሩ ወደ 100 ሲጠጋ ዲስኩ አቅሙን ጨርሷል ይል ነበር። ጥያቄን በተራ፣ አንድ በአንድ ለሚያስተናግድ ዲስክ አባባሉ ልክ ነው። ኤስኤስዲና ሬይድ ግን ብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ ያስተናግዳሉ፤ ቁጥሩ ደግሞ በእጃቸው አንድ ጥያቄ ይኑር መቶ ለይቶ አያውቅም። ስለዚህ 100 በመቶ እያሳዩ ገና ብዙ ሥራ ሊጨመርባቸው ይችላል። በኋላ የተደረገው እርማት አባባሉን በተራ ለሚሠሩት ብቻ ወሰነው፤ በትይዩ ለሚሠሩት ግን ቁጥሩ የአቅማቸውን ጣሪያ እንደማያሳይ አከለበት። በዚያው ገጽ ላይ የነበረው የአማካይ አገልግሎት ጊዜ ዓምድም ለዓመታት «አትመኑት» የሚል ማስጠንቀቂያ ተሸክሞ ቆይቶ በመጨረሻ ከነጭራሹ ተነሣ።

ሌላው የስህተት ምንጭ መለኪያው ነው። የሊኑክስ ከርነል የራም መረጃ ሲያወጣ ኪሎባይት ብሎ የሚጽፈው በ1024 ባይት እየቆጠረ ነው። በጊጋባይት ደረጃ፣ በ1000 ከሚቆጥረው ጋር ያለው ልዩነት ከ7 በመቶ ያልፋል። አንድ ፕሮግራም ከፍተኛው የያዘው ራም ስንት እንደነበር የሚናገረው የሲስተም ጥሪም በሊኑክስ በኪሎባይት፣ በማክ በባይት ይመልሳል። የመለኪያው ስም ከገጹ ከጎደለ ስሌቱ ሺህ እጥፍ ገደማ ሊስት ይችላል።

ማረም የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ገጹ የማን እንደሆነ ይለይ። የከርነልና የሲ ላይብረሪ ጥሪዎችን የሚያብራሩት ገጾች ማይክል ከሪስክ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለረጅም ዓመታት በመራው፣ አሁን አሌሃንድሮ ኮሎማር በያዘው ፕሮጀክት ሥር ናቸው። ፍሪና ቪኤምስታት የተባሉት ትእዛዞች የፕሮክፒኤስ ፕሮጀክት፣ አይኦስታት ደግሞ የሲስስታት ናቸው፤ ገጾቻቸውም ከየፕሮግራሙ ኮድ ጋር ይኖራሉ። እርማቱ ፓች (የለውጥ ፋይል) ሆኖ ይላካል። አንድ ፓች አንድ ነገር ብቻ ቢያርም ይመረጣል፤ የፊደል ግድፈትና የትርጉም ለውጥ ሲቀላቀሉ ፓቹን የሚመረምረው ሰው ይቸገራል። በእኔ እምነት ከእርማቱ ይልቅ የሚከብደው ምክንያቱ ነው፤ «ተሳስቷል» ማለት አይበቃም፣ ኮዱ የት ቦታ ምን እንደሚያደርግ ማሳየት ያስፈልጋል። አንዳንዴ ጉዳዩ አንዲት ሰረዝ ናት፤ በገጹ ምንጭ ውስጥ ከፊቷ ወደ ኋላ ያዘመመ መስመር (\) ካልተቀመጠላት ስክሪኑ ላይ ሌላ ዓይነት ሰረዝ ሆና ልትወጣ፣ ትእዛዙን ቀድቶ የለጠፈ ሰውም ስህተት ሊያጋጥመው ይችላል።

በየቀኑ የምታዩትን አንድ ቁጥር ምረጡና ማብራሪያውን ከኮዱ ጋር አመሳክሩ። ካልገጠመ፣ ዓረፍተ ነገሯን አስተካክላችሁ ከነምክንያቷ ላኩ።