ለአይ5-2500ኬ የሚበቃው ቮልቴጅ

ኢንቴል ኮር አይ5-2500ኬን ለገበያ ያቀረበው በጃንዋሪ 2011 እ.ኤ.አ. ነው። በ32 ናኖሜትር የተሠራ ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰር ሲሆን መደበኛ ፍጥነቱ 3.3 ጊጋኸርዝ ነው። በብዙዎች ጠረጴዛ ላይ ዕድሜውን ያረዘመችለት በስሙ መጨረሻ ያለችው «ኬ» ናት፤ መልቲፕላየሩ አልተቆለፈም ማለት ነው። የመነሻው ምት 100 ሜጋኸርዝ ስለሆነ መልቲፕላየሩን ከ33 ወደ 45 ያወጣ ሰው 4.5 ጊጋኸርዝ ያገኛል። ማዘርቦርዱ ግን እንደ ፒ67 ወይም ዜድ68 ያለ ቺፕሴት ያለው መሆን አለበት፤ ኤች61 ላይ የተሰካ 2500ኬ ይህን አያደርግም።

መልቲፕላየሩን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው፤ ልፋቱ ቮልቴጁ ላይ ነው። ትራንዚስተር ከዜሮ ወደ አንድ ለመለወጥ ጥቂት ጊዜ ይፈልጋል። ምቱ ሲፈጥን ያ ጊዜ ያጥርና ቀጣዩ ምት ሥራው ሳያልቅ ይደርሳል፤ ስህተት የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። ቮልቴጅ ሲጨመርለት ትራንዚስተሩ ይፈጥናል፣ ነገር ግን ይግላል። የሚፈጀው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ሲያድግ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ከ3.3 ወደ 4.5 ጊጋኸርዝ፣ ከ1.20 ወደ 1.35 ቮልት የወጣ ፕሮሰሰር በፍጥነት 36 በመቶ አትርፎ በኃይል 70 በመቶ ገደማ ይከፍላል።

የሌላ ሰው የቮልቴጅ ቁጥር ቀድቶ ማስገባት ግን አይመከርም። ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ሁለት 2500ኬዎች እንኳ እኩል አይደሉም፤ ለተመሳሳይ ፍጥነት አንዱ ከሌላው ብዙ ያነሰ ቮልቴጅ ሊበቃው ይችላል። የሰው ቁጥር የሚጠቅመው ለጣሪያነት ነው። በሙያው የቆዩ ሰዎች ለዕለት ተዕለት ሥራ ጣሪያውን ከ1.35 እስከ 1.40 ቮልት ያደርጉታል፤ እኔ 1.35ን እመርጣለሁ። በኢንቴል ሰነድ ላይ ያለው 1.52 ቮልት ፕሮሰሰሩ ከማዘርቦርዱ ሊጠይቅ የሚችለው የመጨረሻ ቁጥር ነው እንጂ «እዚህ ድረስ አትስጉ» የሚል ፈቃድ አይደለም። ባዮስ ውስጥ ቮልቴጁን «አውቶ» ላይ መተውም አያዋጣም፤ ብዙ ማዘርቦርዶች ስህተት እንዳይፈጠር ብለው ከሚያስፈልገው በላይ ይሰጣሉ።

ስለዚህ ከታች መነሳት ነው። መልቲፕላየሩን 40፣ ቮልቴጁን 1.25 አካባቢ አድርጎ መፈተሽ፣ ካለፈ መልቲፕላየሩን በአንድ መጨመር፣ ከወደቀ ቮልቴጁን በ0.01 ያህል ከፍ ማድረግ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚነካ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም። መነበብ ያለበትም በሥራ ጫና ውስጥ ሲፒዩ-ዚ የተባለው ፕሮግራም የሚያሳየው ቮልቴጅ ነው፤ ጫና ሲመጣ ባዮስ ላይ ከተሞላው ዝቅ ይላል። ዝቅታው ሆን ተብሎ የታሰበ ነው፤ ጫናው ድንገት ሲወገድ ቮልቴጁ ከልክ በላይ እንዳይዘል ይጠብቃል። ይህን የሚያካክሰውን የሎድ-ላይን ማስተካከያ መጨረሻው ድረስ መክፈት ያንን ጥበቃ ማፍረስ ስለሆነ መካከለኛው ደረጃ ይበቃል።

ለፈተናው ፕራይም95ን የሚያህል ጥቂት ነው። የተሠራው ግዙፍ ዋና ቁጥሮችን ለመፈለግ ነው፤ ትክክለኛውን መልስ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ኮምፒውተሩ ሳይዘጋ የሳተችውን አንዲት ስሌት እንኳ ይይዛል። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሰማያዊ ስክሪን ብቻ የሚጠብቁ ብዙዎች ስለሆኑ ነው። ሳይታይ የሚሳሳት ፕሮሰሰር የሰው ፋይል በዝምታ ያበላሻል፣ ይህም ከመዘጋት ይከፋል። የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ ውስጥ የሃርድዌር ስህተት ከተጻፈም፣ ማሽኑ እየሠራ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ቮልቴጁ አልበቃም ማለት ነው። ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለፈ ግን መፍትሔው ቮልቴጅ አይደለም፤ ወይ ማቀዝቀዣው ይሻሻል፣ ወይ ፍጥነቱ ይውረድ።

ዓመታት በሙቀትና በቮልቴጅ ያገለገለ ቺፕ ለዚያው ፍጥነት ትንሽ ተጨማሪ መጠየቅ ይጀምራል። ያኔ መጀመሪያ አቧራውን ማጽዳትና የደረቀውን ቴርማል ፔስት መቀየር ይገባል። ካልረዳ ቮልቴጁን ከመጨመር ይልቅ መልቲፕላየሩን ከ45 ወደ 44 ማውረድ ይሻላል።