አውሮፕላን የማይቀምሰው የዘይት ቅመም

ከመቀሌ ወጣ ብሎ ኲሓ አጠገብ በሚገኘው አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ አጥር ሁለት የዘይት ገበያዎችን ይለያል። ከአጥሩ ውስጥ ቦይንግ 737 እና ኪው 400ን የመሳሰሉ አውሮፕላኖች ያርፋሉ። የእነርሱ ሞተር ፋብሪካው በስም ጠቅሶ ከፈቀደው ዘይት በቀር አንዲት ጠብታ አይቀምስም። ከአጥሩ ውጭ መንገደኛ የሚጠብቀው ታክሲና ሚኒባስ ግን ባለቤቱ የወደደለትን፣ መካኒኩ የመከረለትን፣ ደላላው ያመጣለትን ሁሉ ይጠጣል።

ለዚህ ለሁለተኛው ገበያ በዓለም ላይ ከሚቀርቡት ሸቀጦች አንዱ «ናኖ» የሚል ስም የተለጠፈበት የዘይት ቅመም ነው። በጣም የደቀቀ የማዕድን ዱቄት በጥቂት ዘይት ተበጥብጦ በትንሽ ጠርሙስ ይሸጣል። ሞተር ዘይት ላይ ሲጨመር ሰበቃን ይቀንሳል፣ የብረትን መበላት ያስቀራል፣ ነዳጅ ይቆጥባል ይባልለታል። ለመሆኑ ነጋዴው ገንዘቡን ሊያፈስበት የሚገባ ዕቃ ነውን?

ፈላጊ እንደማይታጣለት ግልጽ ነው። በጦርነቱ ወራት በትግራይ ነዳጅ በመጥፋቱ ብዙ መኪና ቆሞ ከርሟል። ቆሞ የከረመ ሞተር ደግሞ ዘይቱ ከብረቱ ላይ ይወርድና ለእርጥበትና ለዝገት ይጋለጣል። ተቋርጦ የነበረው የመቀሌ የመንገደኞች በረራ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲቀጥል ከማረፊያው በር ሰው ጭኖ ለመሥራት ተስፋ ያደረገ ባለታክሲ፣ በቅድሚያ የከረመውን ሞተር ማስነሳት ነበረበት። ከዚያም በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ መኪና በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ከውጭ የሚገባው ዘይትና መለዋወጫ በብር ተወደደ። ሞተር አውርዶ ፋሻና ብሮንዚን መቀየር የሚከብደው ሰው «አንድ ጠርሙስ ይበቃል» ሲሉት ጆሮውን ቢሰጥ አያስደንቅም።

ዱቄቱ ምን ይሠራል?

ነገሩ ባዶ ወሬ አይደለም። አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ለዓይን ልሙጥ የሚመስለው የሲሊንደር ግድግዳ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ኮረብታና ሸለቆ ነው። ዘይቱ ሲሳሳ ኮረብታ ከኮረብታ ይጋጫል፣ ብረትም ይበላል። የደቀቀው ማዕድን እዚህ መካከል ይገባል። አንዳንዱ እንደ ኩሽኔታ ኳስ ይንከባለላል፣ አንዳንዱ ሸለቆውን ይሞላል፣ አንዳንዱም በብረቱ ላይ ስስ ሽፋን ያበጃል።

ሐሳቡም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1957 በጀርመን ኡልም ከተማ የተቋቋመው ሊኪ ሞሊ ስሙን ያገኘው ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ከተባለው ማዕድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የእስራኤሉ ዋይዝማን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ተንግስተን ዳይሰልፋይድ እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ የተዘጋ ቅንጣት ሊሠራ እንደሚችል ገለጹ፤ በ1997ም ቅንጣቱ ለማለስለሻነት እንደሚያገለግል አሳዩ። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አገሮች ደግሞ ሰርፐንቲን ከተባለ የድንጋይ ዱቄት የሚሠራው ቅመም ታውቋል።

ፋብሪካዎች ይህን መንገድ የሚፈትሹበት ምክንያት አላቸው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ የሞተርን ብረት ከመበላት ሲጠብቅ የኖረው የዚንክና የፎስፈረስ ውሁድ የጭስ ማጣሪያን ስለሚጎዳ መጠኑ እየተገደበ መጥቷል። ተተኪ የሚሆን ካለ ገበያው ሰፊ ነው። ሆልምበርግና ኤርደሚር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ዓለም ከምትጠቀምበት ኃይል 20 በመቶ የሚሆነው ሰበቃን ለማሸነፍ ይውላል።

ችግሩ ከጠርሙሱ ላይ

ይሁን እንጂ በላቦራቶሪ የተሳካው ሁሉ በጠርሙስ ይሳካል ማለት አይደለም። ደቃቅ ቅንጣቶች እርስ በርስ የመጣበቅ ጠባይ አላቸው። መደርደሪያ ላይ ወራት ሲቆዩ ይረጋሉ፣ ይጓጉላሉ። የጓጎለው ቅንጣት የዘይት ፊልትሮን ሊደፍን፣ ብሎም ይጠብቃል የተባለውን ብረት ሊፍቅ ይችላል። መጠኑም ወሳኝ ነው፤ ሲያንስ ጥቅም የለውም፣ ሲበዛ ይጎዳል። ደህና የሞተር ዘይት ደግሞ ከፋብሪካው ሲወጣ ተቀምሞ ነው፤ በላዩ የሚጨመረው እንግዳ ቅመም ከነባሩ ጋር ሊጣላ ይችላል። የሰርፐንቲን ደረቅ ዱቄት ነግዶ ለማሸግ የሚያስብ ካለም፣ ከሰርፐንቲን ዓይነቶች አንዱ ክሪሶታይል፣ ማለትም አስቤስቶስ መሆኑን መርሳት የለበትም።

ሻጮች ብዙ ጊዜ በማስረጃነት የሚያቀርቡት የአራት ኳስ ፈተና የሚባለውን ነው። ሦስት የብረት ኳሶች ተጣብቀው ይታሰራሉ፣ አራተኛው በላያቸው ይሽከረከራል፣ በመጨረሻም የተፋቀው ጠባሳ ይለካል። ፈተናው ጠቃሚ ቢሆንም የሚፈጀው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ጥላሸት፣ አቧራና ነዳጅ የተቀላቀለበትን፣ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሞተር አይተካም።

ማረጋገጫ የሌለው ወሬ ምን እንደሚያስከፍል አሜሪካኖች ያውቁታል። ስሊክ 50 የተባለው፣ ማዕድን ሳይሆን የቴፍሎን ዓይነት ዱቄት የያዘው የዘይት ቅመም ብዙ ከተሸጠ በኋላ፣ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ማስታወቂያው በበቂ ማስረጃ አልተደገፈም ሲል ከሰሰ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1997 በስምምነት ሲያልቅ ለገዢዎች ቢያንስ 10 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ካሳ ይሰጣል ተብሎ ተጠበቀ።

ከአጥሩ ውስጥ የሚገኝ ትምህርት

የአውሮፕላን ዘይት ቅመም የለውም ማለት አይደለም። ለጄት ሞተር የሚቀርበው ሰው ሠራሽ ዘይት የብረትን መበላት የሚከላከል ትራይክሬዚል ፎስፌት የተባለ ቅመም ይዞ ይወጣል። ልዩነቱ ቀምሞ የሸጠውም፣ ፈትኖ የፈቀደውም፣ ሞልቶ የፈረመውም መታወቁ ነው። ከዚህም ሌላ በዘይቱ መንገድ ላይ ማግኔት ተቀምጦ የብረት ብናኝ ይያዛል፣ ናሙናም ተወስዶ ይመረመራል። ባዕድ ዱቄት ቢጨመርበት ይህ ምርመራ ራሱ ይዛባ ነበር።

ስለዚህ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ እስከ መቀሌ የሚሸጥ ቅመም ለማስመጣት ደብዳቤ የሚጻጻፍ ነጋዴ ውል ከመፈረሙ በፊት አራት ጥያቄ ቢያቀርብ ይበጀዋል። የትኛው የሞተር ፋብሪካ በጽሑፍ ፈቅዶታል? ፈተናው የተካሄደው በኳስ ነው ወይስ በሙሉ ሞተር? ጠርሙሱ ስንት ወር ሳይረጋ ይቆያል? ሞተር ቢበላሽ ካሳውን ማን ይከፍላል?

አምራቹ ለአራተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለው፣ መልሱ አስመጪው ራሱ ነው ማለት ነው። ፈቃድ ያለውና ያልተጭበረበረ ዘይት በወቅቱ መቀየርና ፊልትሮን አብሮ መለወጥ ደግሞ ማስታወቂያ ባይኖረውም፣ ከማረፊያው በር ቆሞ ተራ የሚጠብቀውን ባለታክሲ እስካሁን ያላከሰረ ንግድ ነው።