ነርሶችን የሚያዝለው ጫና

የሥራ ዝለት አንድ ሌሊት ተኝተው ሲነሡ የሚለቅ ድካም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንደገለጸው፣ በወቅቱ መላ ካልተበጀለት የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመነጭ ነው፤ አቅም ይሟጠጣል፣ ልብ ከሥራው ይሸሻል፣ ውጤትም ይቀንሳል። ድርጅቱ በሽታ ብሎ ግን አልመደበውም።

አዳር የገባች ነርስ የአንዱን ግሉኮስ ቀይራ ሳትጨርስ የሌላው መድኃኒት ሰዓት ይደርሳል፤ ሦስተኛው ሕመም ጠንቶበት ይጣራል፤ ቻርቱም ገና አልተሞላም። የጎደለው ትጋት ሳይሆን የሰው ኃይል ነው። ሊንዳ አይከንና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ፔንስልቬንያ ሆስፒታሎች ያካሄዱት፣ በ2002 የታተመ ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል፦ በአንድ ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር የዝለት ዕድል በ23 በመቶ፣ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድል ደግሞ በ7 በመቶ ከፍ ይላል። ጉዳዩ የነርሶች ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ካሊፎርኒያ በ1999 ያወጣችው ሕግ በ2004 ሥራ ላይ ሲውል ለታካሚ ቁጥር ጣሪያ ተበጀለት። ዛሬ በዚያ ግዛት አንድ ነርስ በፅኑ ሕሙማን ክፍል ከሁለት፣ በውስጥ ደዌና ቀዶ ሕክምና ክፍል ከአምስት በላይ ታካሚ አይሰጣትም።

የምክር አገልግሎትና የማረፊያ ክፍል ይጠቅማሉ። በአንድ ተረኛ ላይ የሚጫነው የታካሚ ቁጥር ካልቀነሰ ግን ዝለቱ አይቆምም።