ተመላሽ ነው ወይስ ሄዶ ቀሪ?

ኤክስ² + ኤክስ·ዋይ + ዋይ² = 3 የሚለው እኩልታ በግራፍ ወረቀት ላይ ሲሳል ዘመም ያለ ሞላላ፣ ማለትም ኤሊፕስ ይሰጣል። መሃል ላይ ያለው ኤክስ·ዋይ በ3 ቢባዛስ? ሞላላው ትንሽ ይለጠጣል ብሎ የጠበቀ ሰው ይደነግጣል። ዝግ የነበረው ቅርጽ ተከፍቶ፣ ጀርባ ለጀርባ የተሰጣጡና መቼም የማይገጥሙ ሁለት ክንፎች ይሆናል፤ ይህ ሃይፐርቦላ ነው። የተለወጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው።

ክብ፣ ኤሊፕስ፣ ፓራቦላና ሃይፐርቦላ፣ አራቱም ሾጣጣ አካል በተለያየ ማዕዘን ሲቆረጥ የሚገኙ ቅርጾች ናቸው። የጴርጌው አፖሎንየስ ከክርስቶስ ልደት በፊት ስለ እነሱ ስምንት መጻሕፍት ጽፏል። አራቱ በግሪክኛ፣ ሦስቱ ደግሞ በዐረብኛ ትርጉም ብቻ ተርፈው እኛ ዘመን ደርሰዋል፤ ስምንተኛው ጠፍቷል። አፖሎንየስ ሁሉን የሠራው ያለ እኩልታ ነበር። ቅርጽን በእኩልታ መጻፍ የመጣው በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በፈረንሳዮቹ ዴካርትና ፌርማ ነው። ያኔ አዲስ ጥያቄ ተወለደ፦ ሳይስሉ፣ እኩልታውን ብቻ አይቶ ቅርጹን ማወቅ ይቻላል?

ይቻላል። የኤክስ² ኮፊሸንት ሀ፣ የኤክስ·ዋይ ለ፣ የዋይ² ደግሞ ሐ ይባል። ከዚያ ለ² − 4ሀሐ ይሰላል። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ቅርጹ ኤሊፕስ ነው (ክብም የኤሊፕስ ዓይነት ነው)፤ ዜሮ ከሆነ ፓራቦላ፤ ከዜሮ በላይ ከሆነ ሃይፐርቦላ። በመጀመሪያው ምሳሌ 1 − 4 = −3፣ በሁለተኛው 9 − 4 = 5 ይመጣል።

ተማሪዎች ይህን በሠንጠረዥ መልክ ሸምድደው ፈተና ይገባሉ፤ ከፈተናው ማግስትም ይረሱታል። የሚያሳዝነው ምክንያቱ ከሠንጠረዡ የበለጠ ቀላል መሆኑ ነው። በቅርጹ ላይ እየተጓዘ ከመሃል እጅግ የራቀ ነጥብ ይታሰብ። ኤክስ 1000 ሲደርስ ኤክስ² አንድ ሚሊዮን ነው፤ በቀኝ በኩል ያለችው 3 ከቁጥር አትገባም። እንዲህ ርቆ ለመሄድ ታዲያ ሦስቱ ትልልቅ አባላት እርስ በርስ መጣፋት አለባቸው። ዋይ ለኤክስ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ተ ቢባል፣ ጥያቄው ወደ ሐተ² + ለተ + ሀ = 0 ይወርዳል። ይህ የታወቀው ኳድራቲክ እኩልታ ነው፤ ለ² − 4ሀሐም ስንት መልስ እንዳለው የሚናገረው ዲስክሪሚናንት ነው። መልስ ከሌለ ወደ ሩቅ የሚያወጣ አቅጣጫ የለም፤ መስመሩ ዞሮ ከመግጠም ሌላ ምርጫ የለውም። አንድ መልስ ካለ ፓራቦላ፣ ሁለት ካሉ ሃይፐርቦላ ነው። ወረቀቱ ቢሽከረከር ሀ፣ ለ እና ሐ ይለዋወጣሉ፤ የለ² − 4ሀሐ ዋጋ ግን ንቅንቅ አይልም።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። በመነሻው እኩልታ ኤክስ·ዋይ በ2 ቢባዛ ዲስክሪሚናንቱ ዜሮ ይሆናል፤ የሚወጣው ግን ፓራቦላ አይደለም። ግራው (ኤክስ + ዋይ)² ስለሆነ የሚገኙት ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ቀጥታ መስመሮች ናቸው። በቀኝ በኩል በ3 ፈንታ ኤክስ − ዋይ ቢገባ እውነተኛው ፓራቦላ ይመጣል። የመጀመሪያው እኩልታም በ3 ፈንታ 0 ቢሰጠው ወደ አንዲት ነጥብ ይሟሽሻል።

ሰማይ ላይ ይኸው ጥያቄ የመመለስና ያለመመለስ ጉዳይ ነው። ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው በፀሐይ ስበት ብቻ የሚጓዝ አካል መንገዱ ከእነዚህ ቅርጾች አንዱ ነው። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች መለያ ኤክሰንትሪሲቲ የሚባል ቁጥር ነው፦ ከ1 ካነሰ ኤሊፕስ፣ ልክ 1 ከሆነ ፓራቦላ፣ ከ1 ከበለጠ ሃይፐርቦላ። የመነሻችን ሞላላ 0.82፣ ሃይፐርቦላው 2.45 ነው።

ኤድመንድ ሃሊ በ1705 እ.ኤ.አ. የ24 ጅራታም ኮከቦችን መንገድ ሲያሳትም ሁሉንም ያሰላው እንደ ፓራቦላ ነበር። ለስሌት ይቀላል፤ እጅግ የተለጠጠ ኤሊፕስም ፀሐይ አጠገብ ሲታይ ከፓራቦላ አይለይም። ነገር ግን የ1531፣ የ1607 እና የ1682 መንገዶች መመሳሰላቸው ዓይኑን ሳበው። ሦስቱ አንድ ተመላሽ ኮከብ ናቸው ብሎ በ1758 እንደሚታይ ተነበየ። ሃሊ በ1742 ሞተ፤ ኮከቡን በ1758 በፈረንጆች ገና ዕለት ያየው ፓሊች የተባለ የሳክሶኒ ገበሬ ነው። ኤክሰንትሪሲቲው 0.97 ገደማ ነው፤ በ2061 ይመለሳል።

ሄዶ ቀሪዎቹ የታወቁት በእኛው ዘመን ነው። በኦክቶበር 2017 ከሃዋይ የታየው ኦሙአሙአ የተባለ የሰማይ አካል ኤክሰንትሪሲቲው 1.2 ሆኖ ተመዘገበ፤ ከሌላ ኮከብ ሠፈር መምጣቱ የተረጋገጠ የመጀመሪያው እንግዳ ነው። በ2019 ጌናዲ ቦሪሶቭ በገዛ እጁ በሠራው ቴሌስኮፕ ከክሪሚያ ያገኘው ጅራታም ኮከብ 3.4 ገደማ ነበር። በጁላይ 2025 ከቺሊ የታየው ሦስተኛው፣ 3አይ/አትላስ፣ ከ6 በላይ ሆነ። ቁጥሩ ባደገ መጠን መንገዱ ወደ ቀጥታ መስመር ይጠጋል፦ ፀሐይ የኦሙአሙአን አቅጣጫ ከ110 ዲግሪ በላይ ስታጥፈው፣ የአትላስን ያጠፈችው 19 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው።