ማዕቀብ ማንን ጎዳ? የቆጠረውስ ማን ነው?

የተባበሩት መንግሥታት ከኢራን ላይ አንስቶት የነበረው ማዕቀብ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ተመልሶ ጸንቷል። ዜናው ሁለት የቆዩ ጥያቄዎችን ቀስቅሷል፦ ማዕቀብ ይሠራል ወይ? ጉዳቱስ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያው ጥያቄ ኢኮኖሚስቱ ጋሪ ሃፍባወርና ባልደረቦቹ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የተጣሉ ማዕቀቦችን መዝግበው፣ ከሦስት አንዱ ያህል ተሳክቷል አሉ። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪው ሮበርት ፔፕ በ1997 ያንኑ መዝገብ መርምሮ፣ ተሳኩ ከተባሉት 40ዎቹ ማዕቀብ ራሱ ያሳካቸው 5 ብቻ ናቸው፤ ገሚሱ ያህል የጦር ኃይል ውጤት ነው ሲል ሞገተ። ሌሎች ደግሞ ዛቻውንም ይቆጥራሉ፤ የሚፈራ መንግሥት ገና ሲዛትበት ስለሚታጠፍ፣ ማዕቀቡ በተግባር የሚወርደው በእንቢተኛው ላይ ነው።

በሁለተኛው ጥያቄ፣ ለእኔ ትልቁ ክርክር የኢራቅ ሕፃናት ጉዳይ ነው። የጸጥታው ምክር ቤት በነሐሴ 1990 በኢራቅ ላይ ማዕቀብ ጣለ። በ1999 ዩኒሴፍ ከኢራቅ መንግሥት ጋር ሆኖ ባካሄደው ጥናት ጠያቂዎች ቤት ለቤት እየዞሩ እናቶችን ስንት እንደወለዱ፣ ስንት እንደሞተባቸው ጠየቁ። በመካከለኛውና በደቡቡ ክፍል ከ1,000 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከ56 ወደ 131 አሻቀቡ ተባለ። ግማሽ ሚሊዮን ሕፃናት ሞቱ የሚለው አኃዝም ከዚህ ስሌት ድጋፍ አገኘ። የኢራቁ መሪ ሳዳም ሁሴን ከወደቀ በኋላ ግን በተደጋጋሚ የተካሄዱ ጥናቶች ያንን ጭማሪ አላገኙትም። ተመራማሪዎቹ ቲም ዳይሰንና ቫለሪያ ቼቶሬሊ በ2017 ማስረጃውን አነጻጽረው፣ የ1999ኙን መረጃ የኢራቅ መንግሥት አዛብቶታል ብለው ደመደሙ። ይህ ማለት ኢራቃውያን አልተራቡም፣ አልደኸዩም ማለት አይደለም፤ መከራቸው ግን ለፖለቲካ ተብሎ በተፈበረከ ቁጥር ተሸፈነ። አጥኚ ሁሉ ከቁጥሩ በፊት ቆጣሪውን መጠየቅ አለበት።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። አሜሪካ በጥር 2022 ኢትዮጵያን ለአፍሪካ አገሮች ከቀረጥ ነፃ ገበያ ከሚሰጠው ከአጎዋ አስወጣች። በሕግ ቋንቋ ይህ የንግድ ዕድል መንፈግ እንጂ ማዕቀብ አይደለም፤ ሥራዋን ላጣች የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ግን ልዩነቱ የለም። የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት፣ ኮቪድና የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ አንድ ላይ ስለተደራረቡ የአጎዋን ድርሻ ነጥሎ ማውጣት ይከብዳል። የሚቻለው የፋብሪካዎቹ የደመወዝ መዝገብ ሳይጠፋ ነው። ፋብሪካዎቹ መዝገቡን ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይክፈቱ፤ ተመራማሪዎቹም ሠራተኞቹን ዛሬውኑ ፈልገው ያነጋግሩ።