ቃሉን አውቀነዋል፣ ታዲያ ለምን አይገባቸውም?

ኢንተርቪው ላይ ናችሁ እንበል። «ዴቨሎፕመንት» አላችሁ። ጠያቂው ግር ብሎት «ይቅርታ፣ ምን?» አለ። ቃሉን ታውቁታላችሁ፣ ስፔሊንጉም አይጠፋችሁም። ታዲያ ምን ተፈጠረ? ብዙ ጊዜ ችግሩ አክሰንት አይደለም፤ የቃሉን ጉልበት የጣልንበት ቦታ ነው።

እኛ ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያልን፣ እያንዳንዱን ድምፅ እኩል እያነበብን ነው ያደግነው። እንግሊዝኛ ግን እኩል አያደርግም። ረጅም ቃል በሲላብል ይከፋፈልና አንዱ ጠንከር፣ ረዘም ብሎ ይነገራል፤ ሌሎቹ ዋጥ ይደረጋሉ። ዴቨሎፕመንት ዲ-«ቬ»-ለፕ-መንት ነው፤ ጉልበቱ ሁለተኛው ላይ። መጀመሪያው ላይ ስንጥለው ሰሚው ሌላ ቃል መፈለግ ይጀምራል።

ነገሩ ለኛም አዲስ አይደለም። «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ «ገና አልደረስኩም» ይሆናል። እንግሊዝኛ ደግሞ በጉልበት ይለያል፦ «ሪከርድ» መጀመሪያው ላይ ሲጠነክር ስም ነው፤ መጨረሻው ላይ ሲጠነክር «መቅዳት» የሚለው ግስ ይሆናል።

ደስ የሚለው፣ የቃሉ መጨረሻ ብዙ ጊዜ ቦታውን ይጠቁመናል፦

👉 በ«ሽን» ካለቀ፦ ከ«ሽን» በፊት ያለው። ኢን-ፈር-«ሜይ»-ሽን፣ ኤ-ጁ-«ኬይ»-ሽን።

👉 በ«ኢክ» ካለቀ፦ ከመጨረሻው በፊት ያለው። ኢ-ከ-«ኖ»-ሚክ፣ ፋን-«ታስ»-ቲክ። እንደ «አ»-ረ-ቢክ ያሉ ግን ከደንቡ ይወጣሉ።

👉 በ«ሲቲ»፣ «ሎጂ» ወይም «ግራፊ» ካለቀ፦ ከኋላ ስትቆጥሩ 3ኛው። ዩ-ኒ-«ቨር»-ሲ-ቲ፣ ቴክ-«ኖ»-ለ-ጂ፣ ፈ-«ቶ»-ግረ-ፊ።

አያችሁ? አብዛኞቹ አማርኛ ስናወራም የምንጠቀምባቸው ናቸው። የሚሸውዱንም ለዚህ ነው፤ በለመድነው አማርኛ ድምፅ እንላቸዋለን።

ስፔሊንጉንም ሙሉ በሙሉ አትመኑ። እኛም «ኮምፈርቴብል» ስንል ነው የኖርነው። ሲጻፍ 4 ሲላብል ይመስላል፤ ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ 3 ነው፦ «ከምፍ»-ተር-ብል።

ስልካችሁ ላይ እንዲህ ተለማመዱ፦ ኦንላይን ያለውን የካምብሪጅ ወይም የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ክፈቱ፤ ቃሉን ፈልጉ። በአነባበቡ ውስጥ ከላይ በኩል ትንሽ ቀጥ ያለች ጭረት አለች፤ ከሷ ቀጥሎ ያለው ነው የሚጠነክረው። የስፒከሯን ምልክት ነክታችሁ ስሙ፣ ከዛ እያጨበጨባችሁ በሉት፤ የሚጠነክረው ላይ ጭብጨባውም ጠንከር ይበል።

አክሰንታችሁን ለመደበቅ አትጨነቁ። ጉልበቱ ቦታውን ካገኘ ሰሚው ይከተላችኋል።

እናንተን «ምን?» ያስባላችሁ ቃል የቱ ነው? ኮመንት ላይ ጻፉልን፣ አብረን እንከፋፍለዋለን።