በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተርና የቤንዚን ሚዛን

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ የሚወርደው አውራ ጎዳና፣ ከጅቡቲ ወደብ የሚመጣው ሸቀጥ ወደ መናገሻው ከተማ የሚገባበት ዋና በር እንደ መሆኑ መጠን፣ የመኪና ዘመናት ሁሉ በአንድ ሰልፍ ቆመው የሚታዩበት ሥፍራ ነው፤ በቃሊቲ ጉምሩክ የቀረጥ ሥርዓቱን ፈጽሞ የወጣው መኪና፣ አባቶች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ገዝተው ለልጆቻቸው ካወረሷት ቮልስዋገን ጎን ለጎን ሲጓዝ ይታያል። ከሁለቱ ቤንዚን የሚቆጥበው የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ሰው ያለ ማመንታት «ቮልስ ናታ!» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ከፍቅርና ከትዝታ የመነጨ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ዳሩ ግን የነዳጅ ጠብታ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር እንዲህ ያለው ነገር በመስፈሪያ ተመርምሮ ሊታወቅ ይገባዋል።

ፌርዲናንድ ፖርሽ የነደፋት ይህች መኪና እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ መልኳ እምብዛም ሳይለወጥ ስትሠራ ኖራ፣ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 በሜክሲኮ ፑብላ ከተማ ከፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ቁጥሯ ከ21 ሚሊዮን በላይ ደርሶ ነበር። ዓላማው ተራው ሕዝብ ሊገዛት፣ ተራው መካኒክ ሊጠግናት የሚችላት፣ በጀርመን ክረምት በሜዳ ብታድር የሚረጋ ውኃ የሌላት መኪና መሥራት ስለ ነበረ፣ አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመው፣ በቺንጋ የሚዞር ማራገቢያ ያለ ማቋረጥ ነፋስ እንዲነፋባቸው ተደረገ። አበው ሊቃውንት ሥጋ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት ተዋሕዶ መፈጠሩን እንደሚያስተምሩ፣ ይህም ሞተር ከአራቱ ባሕርያት ውኃን ትቶ የውኃን አገልግሎት ለነፋስ የሰጠ ነው ማለት ይቻላል። ራዲያተር ስለሌላት በረጅም ዳገት ላይ ውኃ አፍልታ አትቆምም፤ በአገራችን መንገድ የተወደደችበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንለፍ። ባለ 1,200 ሲሲዋ ቮልስዋገን 34 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተሸክማ ክብደቷ ከ800 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ ጤናዋ ተጠብቆ በተያዘች ጊዜ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ8 እስከ 9 ሊትር ቤንዚን ትፈልጋለች፤ ይህም በአንድ ሊትር 11 ወይም 12 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በከተማችን የበዛው ባለ አንድ ሊትር ሞተሩ ቶዮታ ቪትዝ ከእርሷ የከበደ ሆኖ ሳለ፣ ያንኑ 100 ኪሎ ሜትር ከ5 እስከ 6 ሊትር ይሄድበታል። ከቃሊቲ እስከ አዳማ ያለው መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና፣ ቮልስዋ ሰባት ሊትር ተኩል ስትፈጅ ቪትዙ በአምስት ሊትር ይደርሳል፤ በአንድ ጉዞ የሁለት ሊትር ተኩል ልዩነት ማለት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣው፣ ልዩነቱ ከኪስ አልፎ አየሩንም የሚመለከት ነው።

ቀላሏ ብዙ ጠጥታ ከባዱ በጥቂት የሚረካበት ምሥጢር በሞተሩ ውስጥ ይገኛል። ቤንዚን ተቃጥሎ ከሚሰጠው ሙቀት ጎማ ወደ ማሽከርከር የሚለወጠው ከፊሉ ብቻ ሲሆን፣ ፒስተኑ አየሩንና ቤንዚኑን ከመቃጠላቸው አስቀድሞ አጥብቆ ባመቃቸው መጠን የሚገኘው ሥራ ይበዛል፤ የጥንቷ ቮልስዋገን ድብልቁን ወደ አንድ ሰባተኛ ስታምቀው፣ የዛሬዎቹ ሞተሮች ወደ አንድ አሥረኛና ከዚያም አሳንሰው ያምቁታል። ነፋስ ሙቀትን የመሸከም ችሎታው ከውኃ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፣ መሐንዲሶቹ ሞተሩ በትኩሳት እንዳይጎዳ ሲሉ እመቃውን ዝቅ፣ የቤንዚኑን ድርሻ ደግሞ ከፍ ማድረግ ግድ ሆነባቸው፤ ትርፉ ቤንዚን በሚተንበት ጊዜ ሙቀት ይወስዳልና። ማራገቢያውም ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ተቀንሶ ነው። አየርን ሰንጥቆ የማለፍ ችግር የሚለካበት ቁጥር ለቮልስዋገን 0.48 ያህል፣ ለዛሬዎቹ መኪኖች 0.30 አካባቢ ነው፤ ይህ ልዩነት በቃሊቲ መጨናነቅ ውስጥ እምብዛም ባይታወቅም፣ ከቱሉ ዲምቱ በሚጀምረው የፍጥነት መንገድ ላይ ፍጥነት ሲጨምር ብዙ ቤንዚን ያስከፍላል።

ለእኛ አገር ከሁሉ ይልቅ የሚያሻው ምርመራ ግን የከፍታ ነገር ነው። አቃቂ ቃሊቲ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ከአምስት እጅ አንድ እጅ በሚበልጥ መጠን የሳሳ ነው። ካርቡራተር የአየሩን ስፍር እንጂ ክብደቱን አያውቅምና፣ ለጀርመን ቆላ ተመጥኖ የተሠራው የቤንዚን ማስተላለፊያ ቀዳዳ በዚህ ደጋ ላይ ሳይለወጥ ከቀረ፣ ከሚገባው ከአሥር እጅ አንድ እጅ የሚበልጥ ቤንዚን ይጨምራል፤ ጥቁር ጭስ፣ በካንዴላው ጫፍ የሚከማች ጥላሸትና የቤንዚን ሽታ የዚህ ብክነት ምስክሮች ናቸው። መድኃኒቱም ውድ አይደለም፤ ያንን ቀዳዳ ለደጋ በሚስማማ ጠበብ ያለ ቀዳዳ መለወጥና ካርቡራተሩን እንደ ገና ማስተካከል ነው። የዘመኑ መኪና ግን የአየሩን ግፊትና በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚመረምሩ ሕዋሳት ስላሉት ቤንዚኑን በየቅጽበቱ ራሱ ይመጥናል፤ ቁልቁለት ላይ እግር ከነዳጅ ሲነሣ እንኳ ማርሽ እንደ ገባ ቤንዚኑን ፈጽሞ ያቋርጣል፤ ካርቡራተር ይህን ማድረግ አይችልም።

በዕድሜ ብዛት የሚመጣውም ጉድለት በዚህ ላይ ይታከላል። ሞተሩ በቶሎ እንዲሞቅ የነፋሱን መንገድ የሚዘጋው ቴርሞስታት በብዙ ቮልስዋገኖች ላይ ተነቅሎ ስለሚቀር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የሚነሣ ሞተር ሳይሞቅ ብዙ መንገድ ይሄዳል፤ ያልሞቀ ሞተርም ቤንዚን ያበዛል። ያረጀ ካንዴላ፣ የተዛነፈ የቫልቭ ክፍተት፣ ጊዜውን የሳተ ብልጭታ፣ የጎደለ የጎማ ነፋስና የሚይዝ ፍሬን እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ሲወስዱ፣ በድምር 9 ሊትር ይበቃት የነበረችው መኪና ከ12 ሊትር በላይ ብትጠይቅ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ፍትሕ እንዳይጓደል ግን የአሮጌዋንም ወገን መስማት ይገባል። ቮልስዋገን ቆጣቢ የተባለችበት ስም ያለ ምክንያት አልተገኘም፤ በዘመኗ ከነበሩት ትላልቅ የአሜሪካ መኪኖች ጋር ስትነጻጸር በእውነት ቆጣቢ ነበረች፤ ዛሬም ቢሆን ጥገናዋ በየሠፈሩ ጋራዥ በጥቂት መሣሪያ ይፈጸማል። አዲስ መኪና ለመሥራት የሚባክነው ብረትና ኃይል ቀላል ስላይደለ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለቤተ ክርስቲያንና ለዘመድ ጥየቃ ብቻ የምትወጣ ቮልስዋገን በባለቤቷ እጅ ብትቆይ የሚነቀፍ ነገር የለውም። ቀኑን ሙሉ ከቃሊቲ መርካቶ ሲመላለስ ለሚውል ሰው ግን ፍርዱ ግልጽ ነው፤ የቤንዚን ቁጠባ የዘመኑ መኪና ነው።

ዘመኑም ከዚህ አልፎ እየሄደ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ወደ ቃሊቲ የሚመጣው በኤሌክትሪክ ነው፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነግሯል። አሮጌ መኪኖቻችን ገና ብዙ ዓመት አብረውን ስለሚኖሩ ግን ብክነታቸውን መቀነስ የባለቤቶቹ ግዴታ ነው። ስለዚህ ቮልስዋገን ያለህ አንባቢ ሆይ፣ ታንከሯን እስከ አፍ ሞልተህ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ቁጥር ጻፍ፤ እንደ ልማድህ ነድተህ መልሰህ ስትሞላ የሄድከውን ኪሎ ሜትር በጨመርከው ሊትር አካፍል። የቆጣሪዋ ገመድ ተበጥሶ እንደ ሆነ አስቀድመህ አሠራ። ውጤቱ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ መኪናዋን ለመሸጥ አትቸኩል፤ አስቀድመህ ካርቡራተሯን ለዚህ ደጋ አስመጥን፣ ቫልቯንና ብልጭታዋን አስተካክል፣ ከዚያም እንደ ገና ለካ።